ማርቆስን ከሲዲው ያወጣሁ ቀን

ወዳጄ፣ እኔ ስለ ጥላ ወጊ ጠንቋይ፣ ስለ መንፈስ ምናምን ሲወራ ተነስቶ የሚወጣ ሰው ነኝ፣ አባቴ ወንጌላዊ ነበር፣ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያነሳ እንግዳ እራቱን ሳይጨርስ ይገሠጽ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራዬ ድምፅ ስለሆነ፣ ሌላው ሰው «ሰማሁ» የሚለውን ከየት እንደመጣ ፈልጌ የማገኝ ሰው ነኝ። ደግሞ ይሄ የምነግርህ ነገር በጨለማ የሆነ አይደለም። ሶዶ ውስጥ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ በሬ ተከፍቶ፣ ባጃጆች ደጄ ላይ እየተንጫጩ ነው የሆነው።

ያኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ትንሽ ስቱዲዮ ነበረችኝ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስፒከር፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን። መዘምራን እንደ ቤሌና ተበላ ወዳሉ ከተሞች ለኮንፈረንስ ሲሄዱ ዕቃ ሁሉ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ መጫን ስለሚሰለቻቸው፣ የሰው ድምፅ የሌለበትን ክላሲካል በሲዲ ይዘው ሄደው በላዩ ይዘምራሉ። አንዳንዱ ታዲያ ሊድ ጊታሩ እንዲወጣለት ይፈልጋል፣ የራሱ ጊታሪስት ቦታው ላይ እንዲጫወተው። አወጣጡ ቀላል ነው፣ ጊታሩ መሀል ላይ ከተቀዳ በግራም በቀኝም እኩል ይሰማል፣ አንዱን ጎን ትገለብጠውና ከሌላው ጋር ትደምረዋለህ፣ እኩል የሆነው ተጠፋፍቶ በጎን ያለው ይቀራል። ቤዙ አብሮ ይሳሳል፣ እሱን በኪቦርድ እሞላለሁ። ጊታሩም ቢሆን ጨርሶ አይጠፋም፣ ከሩቅ የሚሰማ ኤኮ ይተዋል፣ እኔ «ጥላው» እለዋለሁ። ሁሌም ይቀራል፣ ይሄን ያዝልኝ።

አንድ ቀን ወንድም ኢሳያስ የሚባል የኳየር መሪ እኔው የቀዳሁላቸውን ሲዲ ይዞ መጣና «የማርቆስን ጊታር አውጣልን» አለኝ። ማርቆስ ጊታሪስታቸው ነው።

«ምነው፣ ሞተ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ።

«ታግዷል። ሆቴል ውስጥ ለሠርግ ዓለማዊ ዘፈን ሲጫወት ተገኘ። ሦስት ወር ከአገልግሎት ተከልክሏል።»

«እሱ ተከለከለ፣ ሲዲው ምን አደረገ?»

«ሰውየው ታግዶ እያለ እጁ ኮንፈረንስ ላይ ያገልግል? አይሆንም ወንድሜ።»

በሆዴ ሳቅኩ፣ ግን ሥራ ሥራ ነው፣ ተቀበልኩ።

ወሬው እንዴት እንደደረሰው አላውቅም፣ ረቡዕ ማርቆስ ራሱ መጣ። በሬ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና «አቤል፣ አታውጣኝ» አለ። «እዚያ ሲዲ ላይ እስካለሁ ድረስ ሰው አይረሳኝም። ከወጣሁ ሌላ ሰው ይለምዳሉ፣ ከዚያ ማን ይመልሰኛል?»

«አንተን መቼ አወጣሁ፣ ጊታሩን ነው እንጂ። ዋናው እኔ ጋ ይቀመጣል፣ የትም አትሄድም» አልኩት እየሳቅኩ።

«ታዲያ ከጊታሩ ሌላ ምን አለኝ?» አለና ወጣ።

በማግሥቱ የመጀመሪያውን መዝሙር ገለበጥኩ፣ ደመርኩ፣ ከፈትኩት። ጊታሩ የለም። ጥላውም የለም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼ ፈለግኩት፣ ምንም። እንዲህ ንጹህ ሆኖ ወጥቶልኝ አያውቅም፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ደግሜ ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ደግሞ ሌላ ነገር መስማት ጀመርኩ፣ ቷ... ቷ... የሚል፣ ተረከዝ ሲሚንቶ ሲመታ። ማርቆስ ሲጫወት ተረከዙን ይመታል፣ ስንቀዳ ስንቴ ተቆጥቼው በመጨረሻ ጫማውን አስወልቄ ምንጣፍ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፣ ስለዚህ እመነኝ፣ ዋናው ላይ ያ ድምፅ የለም። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ ስፒከሮቹ ጸጥ አሉ፣ ተረከዙ ግን ቀጠለ፣ አራት ወይም አምስት ምት፣ ከጀርባዬ፣ በአግዳሚው በኩል። ዞር ስል ማንም የለም። የባጃጅ ሞተር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ መብራት ሲመለስ ሌሎቹንም መዝሙሮች ጨረስኩና ለወንድም ኢሳያስ ሰጠሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማርቆስ ጊታሩን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ሊጣላኝ ነው ብዬ ነበር።

«ጊታሬ አይሰማኝም» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን ማለት ነው?»

«እመታለሁ፣ ክሩ ጣቴን ያመኛል፣ ድምፁ ግን የለም። የቤት ሰው ሁሉ ይሰማል፣ እኔ አልሰማም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ እየተለማመድኩ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መሀል ላይ ቆመ።»

ሐኪም ቤት ሄዶ ጆሮህ ደህና ነው ተብሏል። እውነትም እኔን ይሰማኛል፣ ባጃጁን ይሰማል። «እስኪ ምታ» አልኩት፣ መታ። ወዳጄ፣ ጊታሩ ጨርሶ አልተቃኘም፣ ክሮቹ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ እሱ ግን ዝም ብሎ ይመታል። ሶዶ ውስጥ የእሱን ያህል ጆሮ ያለው ሰው አላውቅም ነበር፣ አንጀቴን በላው።

ዋናውን ሲዲ ከፈትኩለት። የእሱ ጊታር መግቢያ ክፍሉን ሞላው፣ ማርቆስ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ ጠበቀና «መቼ ነው የምገባው?» አለኝ።

ሲዲውን አቆምኩት። ለምን እንዳደረግኩት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ጊታሩን ያወጣሁበትን ከፈትኩ። ማርቆስ ደነገጠ። ጣቶቹ በባዶ አየር ላይ መሄድ ጀመሩ፣ ተረከዙ ሲሚንቶውን መታ፣ ቷ... ቷ...፣ ከዚያችው አግዳሚ ላይ፣ ያው ምት። «ይኸው፣ ይኸው እኮ ነኝ» ይላል እንባው እየወረደ። እኔ የምሰማው ኪቦርድና ድራም ብቻ ነው።

ቅጂውን ለምኖኝ ይዞት ሄደ። እገዳው ሲያልቅ ኳየሩ ጠራው፣ አልሄደም፣ ምን ይዞ ይሄዳል? ተበላ ያለች እህቱ ጋ ገባ። ወንድም ኢሳያስ ነገሩን ስነግረው «አጋጣሚ ነው፣ ጸልይ» አለኝ፣ እጸልያለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ከማንም ቅጂ ላይ ምንም አላወጣሁም።

አንድ የገበያ ቀን ተበላ ወርጄ አገኘሁት። የእህቱ ሱቅ በረንዳ ላይ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ተቀምጧል፣ ከስቷል፣ ተረከዙ ይመታል። ሲያየኝ ፈገግ አለና አንዱን ከጆሮው አውጥቶ ሰጠኝ።

«ስማት፣ ይቺን ያኔ አልተጫወትኳትም። በየቀኑ አዲስ ይጨምራል።»

«ማን ነው የሚጨምረው?»

«እኔ ነኛ። እዚያ ያለሁት።»

አዳመጥኩ። ኪቦርድ፣ ድራም፣ እኔው የሞላሁት ቤዝ። ማርቆስ ዓይን ዓይኔን እያየ ይጠብቃል።

«ጥሩ ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።