የኤግበርት የሱፍ ጫማ

አስጎብኚው ኤግበርት ሎህማን ማክሰኞ ጠዋት በአልተንብሩክ አሮጌ ማዘጋጃ ቤት ዋና ደረጃ ግርጌ ሞቶ ሲገኝ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሄድቪግ የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ደመደመች። ሰኞ ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ የላይኛውን አዳራሽ ወለል ሰም የምትቀባው ያን ቀን ነው። ትናንት ግን «ወለሉ ያንሸራትታል» የሚለውን ሰሌዳ በሩ ላይ መስቀል ረሳች። አስከሬኑ ደግሞ ጎብኚ አዳራሽ ሲገባ በጫማው ላይ የሚያጠልቀውን የሱፍ ጫማ አድርጓል። በቃ፣ እሷ ከሄደች በኋላ ገብቶ በእሷ ሰም ተንሸራቷል።

ሌላም የሚያብከነክናት ነገር ነበር። ትናንት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ዘግታ ስትሠራ ኤግበርት ከውጭ አንዴ ስሟን ጠርቶ ነበር። ሰሌዳውን በረሳች ቁጥር እንደዚያ ይጮህባታል። ዛሬስ ቁጣውን አልሰማም ብላ የመወልወያ ማሽኑን አስነሳች፤ ስትጨርስም በጓሮው ደረጃ ወደ ቤቷ ሄደች። ይህን ሁሉ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

መርማሪዋ ፎስ ጎንበስ ብላ የሱፍ ጫማውን ሶል በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችና አሸተተችው።

«ሟቹ ይህን አድርጎ ደረጃ ሲወርድ አይተውት ያውቃሉ?» አለቻት ሄድቪግን።

«እሱ? ጎብኚ አንድ እግሩን ከበሩ ካወጣ ‹አውልቅ! አንገትህን ልትሰብር ነው?› ብሎ ነው የሚያንባርቅበት።»

ፎስ ሄድቪግን አስከትላ ወደ ላይ ወጣች። ከአዳራሹ በር ውጭ፣ ከጎብኚዎቹ የሱፍ ጫማ ሳጥን በላይ ባለ ሚስማር ላይ፣ በቀይ ክር ስም የተጠለፈበት ጥቁር የሱፍ ጫማ ተሰቅሏል።

«ይሄስ የሟቹ ነው?»

«የራሱ ነው። እኔ ነኝ የጠለፍኩለት። የሳጥኑን አይነካም፤ የሰው እግር ይሸታል ይላል።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። የጣሪያውን ሥዕል የምታድሰው ኮርዱላ የራሷን የሱፍ ጫማ ከኤግበርት ጎን ካለው ሚስማር አውርዳ አጠለቀች። ከንቲባ ዲትማር በጫማቸው እየረገጡ ገቡ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደፍሮ የሱፍ ጫማ አጥልቁ ያላቸው የለም።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር?» አለች ፎስ ኮርዱላን።

«ኧረ በጭራሽ!» አለች ኮርዱላ። «ጣሪያው ሊወድቅ ነው ስል ያመነኝ እሱ ብቻ ነው። ቅዳሜ እዚህ የሚከበረው የሦስት መቶኛው ዓመት በዓል ካልተሰረዘ ለጋዜጣ እናገራለሁ ብሎ ነበር።» ከንቲባውን አየቻቸው።

«እኔ ሰኞ እዚህ ድርሽ አላልኩም!» አሉ ዲትማር። «ሽማግሌው ሰም ላይ ተንሸራተተ፣ አለቀ። ሰሌዳውን ያልሰቀለች ትጠየቅ!»

ሄድቪግ በሐፍረት ተሸማቀቀች።

ፎስ ግን ፈገግ አለች። «ወለሉ ገና ትኩስ ሰም ነው፤ የሟቹ የሱፍ ጫማ ሶል ግን ሰም አልነካውም። አዳራሹ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። የራሱም እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው፤ የሳጥኑን ከወደቀ በኋላ ያጠለቀለት ሌላ ሰው ነው። ሄድቪግ ብትሆን ስሙን የጠለፈችበትን አትስተውም፤ ኮርዱላም በየቀኑ ታየዋለች። የራሱ ጫማ እንዳለው የማያውቀው፣ እዚህ የሱፍ ጫማ አጥልቆ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ክቡር ከንቲባ፣ እስቲ ኋላዎን ይዩ።»

ሰሙ ላይ የተረከዛቸው ምልክት ከበሩ ድረስ ተከትሏቸዋል።

«ሰሌዳው እንዳልተሰቀለ ደግሞ ማን ነገረዎት? ትናንት ካልመጡ?»

ዲትማር በጫማቸው ጫፍ አንዱን ምልክት ፈተጉ።

«ወይዘሮ ሄድቪግ፣ ሰምዎ ማንንም አልገደለም» አለች ፎስ። ሄድቪግ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ክንዱን ነበር የያዝኩት» አሉ ዲትማር በደከመ ድምፅ። «ሲመነጭቀኝ ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም። ወድቆም ይተነፍስ ነበር፤ ሰው ጠራ። አለቀልኝ፣ ትመጣለች ብዬ ደርቄ ቀረሁ። ያን ጊዜ ማሽኑ ተነሳ፤ ማንም እንደማይመጣ ገባኝ።»

«ምን ብሎ ነው የጠራው?» አለች ፎስ።

«‹ሄድቪግ› ነው ያለው» አለች ሄድቪግ ቀድማ። «ሰምቼዋለሁ። ማሽኑን ያስነሳሁት እንዳልሰማው ብዬ ነው።»