ከታች የሚከፈተው ካርቶን

«ተከታይ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ነው የመጣሁት። የተከተለኝ እግሬ ብቻ ነው፤ እሱም እያነከሰ።»

ሰውየው አልሳቀም። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ተራ ከሚጠብቁት ሕመምተኞች መካከል፣ ከእሷ አንድ ወንበር ርቆ ተቀምጧል። የምስጢር ስሙ «አጎት» ነው። በአደባባይ ግን የታወቀ ጠበቃ ነው፤ የቴሌቪዥን ጣቢያውን ትናንሽ ባለአክሲዮኖች ይወክላል። እሷን «መርፌ» ብሎ የሰየማት እሱ ነው። ሌላውን እያለበሰች ራሷ ራቁቷን የምትኖር ማለት ነው ብላ አንድ ጊዜ ቀልዳበት ነበር። ያኔም አልሳቀም።

የታጠፈ ጋዜጣ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠች። በጋዜጣው ውስጥ አንድ ፖስታ አለ።

«ዋናው ነው?»

«ኮፒው ነው። ዋናው ነገ።»

ከዚያ በአሥራ አራት ወር ውስጥ ጠይቋት የማያውቀውን ጠየቀ።

«ሌላ ኮፒ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ለማንም አልነገርሽም?»

«ለማን እነግራለሁ? የማወራው ከፋይል ጋር ነው።»

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚሁ። ሐሙስ ጠዋት በባለአክሲዮኖቹ ጉባኤ ላይ አነበዋለሁ፤ የጣቢያው ቦርድ ሊቀመንበር ያበቃለታል።»

ጋዜጣውን አንስቶ ወጣ። የእሷ ቁጥር ሲጠራ የራስ ምታት ክኒን ገዛች። በዚያ ቀን ካደረገችው ሁሉ ለሽፋን ያልነበረው ይኼ ብቻ ነው። ራሷን ከምር ያማት ነበር።

ጣቢያው ውስጥ በሌላ ሰው ስም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። በየሰኞው ከገዢው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት አንድ ሰማያዊ ወረቀት ይመጣል። ሁለት ዓምድ አለው፤ «የሚነገር» እና «የማይነገር»። ሊቀመንበሩ ከግርጌው በቀለም ይፈርምበትና ለዜና ክፍሉ ይነበባል። ማታ ሕዝቡ ዜና ብሎ የሚሰማው እሱን ነው። ኮፒ ቢሆን ተጭበረበረ ይሉታል፤ ሰማያዊውን ከነፊርማው ግን ማን ይክደዋል?

ውጭ፣ በሩ ላይ፣ ሌላ ጦርነት አለ። ታናሽ እህቷ ከሌሎች ሴቶች ጋር ትልቅ የእንጨት ሣጥን አቁማ «ጣሉት» ትላለች። ጣቢያው የሚያስተዋውቀውን ሳሙናና ዘይት አትግዙ፣ የገዛችሁትንም እዚህ ጣሉት ነው ነገሩ። በፀሐይም በዝናብም ሁለት ዓመት ቆማለች።

አባታቸው የጣቢያው ቴክኒሻን ነበር። ሲሞት ለሁለቱም ሃያ ሃያ አክሲዮን ትቶላቸዋል። የተጣሉትም በዚያው ነው።

«ሳሙናቸውን አልገዛም እያልኩ ጣቢያቸውን ልያዝ?» ብላ ነበር ታናሽቱ።

«ውጭ ቆመሽ ብትጮኺ የሚሰማሽ ዘበኛው ነው። ባለቤት ሆነሽ ግቢና ተናገሪ።»

«ገብቶ ሳይመስላቸው የወጣ ሰው አሳዪኝ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ታላቅ እህቷን የጣቢያውን መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አየቻት። አብራት የቆመች ሴት «ትመስልሻለች፤ እህትሽ ናት እንዴ?» ስትላት፣ ታላቅየዋ እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ መለሰች።

«እህት የለኝም።»

መርፌ ሰምታ አለፈች። ምን ትበል? የራሷን ሃያ አክሲዮን ሸጣለች፤ ስሟ በባለአክሲዮኖች መዝገብ ከተገኘ ሽፋኗ ይገለጣል። ወደ ፋይሎቿ ገባች። እንዲያ ሆኖ አሥራ አራት ወር አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት ከሊቀመንበሩ ቢሮ የሚወገድ ወረቀት ወረደ። ደንቡ ደንብ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ የወጣ ቁራጭ ወረቀት እንኳ መዝገብ ቤት ተቆጥሮ፣ ሁለት ሰው ፈርሞበት ነው ወደ መቁረጫው ማሽን የሚገባው። የሊቀመንበሩ ጸሐፊ ደንብ ከምትጥስ ጥርሷ ቢወልቅ ትመርጣለች።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሽማግሌው ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ስንት ገጽ ነው?» አሉ።

«ልቁጠረው፣ ጋሼ።»

ዘጠነኛው ገጽ ላይ እጇ ቆመ።

የራሷ ኮፒ ነበር።

አልተሳሳተችም። የመዝገብ ቤቱ ማሽን መስታወት ተሰንጥቋል፤ ኮፒ ባደረገች ቁጥር ከግራ ጥግ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል። ትናንት መድኃኒት ቤት የሰጠችው ወረቀት ዛሬ ሊቀመንበሩ ጋር ደርሶ ተመልሷል። በእርሳስም ተጽፎበታል። «ዋናው ዛሬ ማታ ይገባል። የቦርድ መቀመጫው ተፈቅዶለታል።»

አጎት ሸጧታል።

ሌባ የሰረቀውን ለባለቤቱ አያሳይም። እነዚህ ግን በደንባቸው ፍቅር የገዙትን ምስጢር ለሰረቀችው ሠራተኛ መልሰው ላኩት። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

«ስንት ሆነ?» አሉ ጋሼ።

«አሥራ ሁለት።»

ሳይቆጥሩ ፈረሙ። ሦስት ወር ቀርቷቸዋል ለጡረታ። ሁልጊዜም እሷን አምነው ነው የሚፈርሙት።

ከሰዓት በኋላ ሳሙና ታደለ። አስተዋዋቂው ፋብሪካ በየወሩ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ካርቶን የዱቄት ሳሙና ይሰጣል። የሚገዛው ሲያንስ የሚሰጠው በዝቷል። የእሷን ተቀብላ ፋይል ክፍሉ ውስጥ ከታች በኩል ከፈተችው። ከታች መክፈት የአባታቸው አመል ነበር፤ «ከላይ ያየ ሁሉ ሙሉ ነው ብሎ ያልፋል» ይል ነበር። ልጆቹ ጎረቤት ቢስቅባቸውም አልተዉትም። በጋሼ ቁልፍ ከፋይሉ ያወጣቻቸውን ሰማያዊ ወረቀቶች በላስቲክ ጠቅልላ ዱቄቱ ውስጥ ቀበረች። አንድ ብጣሽም ጨመረች። «የአባባን አክሲዮን ይዘሽ ግቢ። ማንም ባለአክሲዮን ሦስት ደቂቃ አለው። ጠበቃውን አትመኚ።» በሙጫ አሸገችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘበኞቹ ቦርሳ ይፈትሹ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ፈትሸው አያውቁም። ሊቀመንበሩም የዋዛ አይደለም፤ መቀመጫ ከሚሰጥ ወረቀቱን በሩ ላይ ቢይዘው ይሻለዋል። የማን እጅ ላይ እንዳለ ግን ገና አያውቅም። አጎት ነጋዴ ነው፤ ዕቃውን አንድ በአንድ ነው የሚሸጠው።

«ቦርሳ።»

ክኒን፣ ጃንጥላ፣ የምሳ ዕቃ።

«ካርቶኑስ?»

«ሳሙና ነው።»

«የሁሉም ሳሙና ነው።» ዘበኛው ካርቶኑን ነቀነቀው። ወደ ጆሮው አስጠጋው።

ጃንጥላዋን ወደ ቦርሳው መለሰች።

«ዱቄቱን ቀንሰውበታል ልበል?»

«ከደሞዛችን ጋር አብሮ ነው የቀነሰው።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ይለፉ፣ እህቴ።»

ወጣች። ሌሎቹ ሠራተኞች ሣጥኑን ላለማየት መንገድ ተሻግረው ነው የሚሄዱት። እሷ ቀጥ ብላ ሄደች። ታናሽ እህቷ ቀና አለች። ከስታለች፤ ፊቷንም ፀሐይ አጥቁሮታል። መርፌ አቅፋ ያሳደገቻት ጊዜ ትዝ አላት።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አለች ታናሽቱ።

«ከበደኝ።»

«እስከ ዛሬ ቀሎሽ ነበር?»

መርፌ ካርቶኑን ገልብጣ፣ ታቹን ወደ ላይ አድርጋ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። የታናሽ እህቷ ዓይን ካርቶኑ ላይ ቀረ። ከዚያ ፊቷን ወደ ሴቶቹ አዞረች።

«ምን ትቆማላችሁ? ወደዚያ ጠጋ በሉ።»

መርፌ መድኃኒት ቤት አልሄደችም። አጎት ይጠብቅ፤ ከጠበቀም ክኒን ይግዛ።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። እሷ ከመድረኩ ጎን የቃለ ጉባኤ መዝገቦቹን ይዛ ተቀምጣለች። መጥፋት ትችል ነበር፤ ግን ወንበሯን ባዶ ማድረግ ስሟን ለፍልፎ መናገር ነው። አጎት ሲገባ አያት። ወረቀቱ እጁ እንዳልገባ ከፊቱ ያስታውቃል። ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሊቀመንበሩ ከኃላፊነት ይነሡ የሚለውን ጥያቄ ደንበኞቼ ለጊዜው ትተውታል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ።

«እኔ ጥያቄ አለኝ።»

ከኋላ ነው። ታናሽ እህቷ ቆማለች፤ ያረጀ የአክሲዮን ወረቀት በአንድ እጇ፣ በሌላው ሰማያዊ ወረቀት። በሁለት ዓመት ውስጥ ያንን በር ስታልፍ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሃያ አክሲዮን አለኝ። ሦስት ደቂቃ አለኝ።» አነበበች። «የሚነገር፦ የሚኒስትሩ ጉብኝት፣ ሁለት ጊዜ። የማይነገር፦ የተዘጉት ጤና ጣቢያዎች። የማይነገር፦ የተቃዋሚው እጩ ስም። የማይነገር፦ በሩ ላይ የሚቆሙት ሴቶች፤ የሉም።» ወረቀቱን ገልብጣ ፊርማውን አሳየች።

አንድ ሽማግሌ ባለአክሲዮን በምርኩዛቸው ወለሉን መቱ። «ታዲያ ትርፋችንን በሁለት ዓመት በግማሽ የቀነሱት እነዚህ የሌሉት ሴቶች ናቸው?»

ሳቁ ሳይበርድ አጎት ወደ መድረኩ ጠጋ ብሎ ሊቀመንበሩ ጆሮ ላይ አንሾካሾከ።

የቀረውን ዕቃ ሸጠ።

ሊቀመንበሩ ጣቱን ወደ መርፌ ዘረጋ። «ወረቀቱ የተሰረቀ ነው። እዚያ የተቀመጠችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እህትዎ ናት። ይካዱ እስቲ።»

አዳራሹ ወደ እሷ ዞረ። ከአዳራሹ በር ሁለት ዘበኞች ገቡ።

ታናሽቱ አየቻት። ከላይ እስከ ታች፣ እንደማታውቀው ሰው።

«እህት የለኝም።»

አብራት የገባችው የበሩ ሴት ተቀበለቻት። «እውነቷን ነው። ከዓመት በፊት ጀምሮ እንዲሁ ነው የምትለን።»

ዘበኞቹ ቆሙ። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። የጡረታ ፈንዱ ተወካይ እጁን አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሊቀመንበሩ በትንሽ ልዩነት ከኃላፊነቱ ተነሣ። አጎት ነፋሱን አይቶ መነሣቱን ደገፈ፤ እኩለ ቀን ላይም የቦርድ መቀመጫ አገኘ። መርፌ መዝገቡን ዘጋች። ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ የመጣው ግን ድካም ነው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነና የተባረሩት ጋሼ ናቸው። የሰማያዊው ፋይል ቁልፍ በእሳቸው ስም ነበር። ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው ሲወጡ አይታቸዋለች። አንድ ቃል ብትናገር ያድናቸው ነበር። አልተናገረችም፤ ይኼን ለራሷም ይቅር አላለችም።

ቤቷ አልተመለሰችም። እህቷም ጋ አልሄደችም፤ የሚፈልጓት የፓርቲው ሰዎች መጀመሪያ የሚጠብቁት ያንን በር ነው።

ከወር በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። ዕቃዋ አንድ ሻንጣና አንድ ካርቶን ሳሙና ነው። አከራይዋ በሩ ላይ ቆመው ካርቶኑን ከታች ስትከፍት አዩ።

«እንዲህ ይከፈታል እንዴ? ማን አስለመደሽ?»

«አባቴ።»

«በሕይወት አሉ?»

«የሉም።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ። እህት ወንድምስ?»

መርፌ ዱቄቱን ሳፋው ውስጥ አፈሰሰች። ውሃ ጨመረች። እጇን ነከረች።

«እህት የለኝም።»