የዓርቡ ወተት

ናታን የካፌውን በር ከመግፋቱ በፊት መንገዱን ሁለት ጊዜ ቃኘ።

ከማዶ ግራጫ መኪና ቆሟል። ታርጋው የዙሪክ ነው። ጄኔቭ ውስጥ የዙሪክ ታርጋ ወንጀል አይደለም፤ ግን ሞተሩ አልጠፋም፣ ውስጡም ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል።

አልተመቸውም።

በቀኝ ኪሱ አንድ ፖስታ አለ፤ በግራውም አንድ። «ሁለት ፖስታ የማይዝ ሰላይ ዕድሜ የለውም» ብለው ያስተማሩት ጋሽ ቸርነት ናቸው። የምስጢር ስማቸው «መልህቅ»፣ የእሱ «ሸራ»። ሁለቱንም የቀጠራቸው ቢሮ ስም የለውም።

ጋሽ ቸርነት ጡረታ የወጡ የአዲስ አበባ ስደተኛ ናቸው፤ ጥብቅ ኦርቶዶክስ። ናታን የጴንጤ ልጅ ነው። ዙሪክ አጠገብ፣ ዋሊሰለን፣ ግላትማር የሚባል ኩባንያ ውስጥ «ኃይለመለኮት» ተብሎ በጽዳት ሠራተኛነት ሲገባ፣ አብረውት የሚያጸዱት ሐበሾች ሁሉ ኦርቶዶክስ ስለነበሩ፣ ጾሙን ያስጠኑት እሳቸው ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ወተት እንዳትነካ፤ ስዊሶቹ አያውቁብህም፣ የእኛ ሰው ግን ያውቅብሃል አሉት። አምስት ወር ሙሉ አልነካም።

በግራ ኪሱ ያለው ግላትማር የደበቀው የፍተሻ ውጤት ነው፤ ማኅተም ያለበት ዋናው ወረቀት። ኮፒውን ቀደም ብለው ቢልኩትም ኩባንያው ፎርጅድ ነው ብሎ አጣጥሎታል። በሰሜን ባሕር ዳርቻ ሶልሃቨን የምትባል ወደብ አለች። ዓሣው ካለቀ ወዲህ ክሬኖቿ ሃያ ዓመት ዝገዋል። አሁን ባሕሩ ላይ የሚተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ነፍስ ዘርተውባት ስድስት መቶ ሰው ሥራ ይዟል። ምሰሶዎቹን የሚያስሩት የግላትማር ብሎኖች ግን ተሰንጥቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት አርባ ሰዎች ይወጡባቸዋል። የሠራተኞቹ ተወካይ ከድንበሩ ማዶ፣ ፈረንሳይ ባለው ባቡር ጣቢያ፣ ወረቀቱን እየጠበቀች ነው። ዛሬ ካልደረሳት ሰው ያልቃል።

ገባ።

ጋሽ ቸርነት ጥግ ይዘዋል። አጠገባቸው ሚሪያም፤ ወረቀቱን ተቀብላ ድንበር የምታሻግረው የቢሮው መልእክተኛ። እሷም የጴንጤ ልጅ ናት፤ በልጅነታቸው በአንድ መዘምራን ዘምረዋል። ፈገግ አለችለት።

ናታን ጠረጴዛውን አየ።

ከሽማግሌው ፊት ራንቨርሴ ተቀምጧል፤ የጄኔቭ ወተት የበዛበት ቡና።

ዓርብ ነው።

ጋሽ ቸርነት ዓይን ዓይኑን እያዩ ብርጭቆውን አንስተው ተጎነጩለት። በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው እንኳ ያልገደፉትን ዓርብ ገደፉ። ለሚሪያም ወተት ወተት ነው፤ ምንም አልታያት።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

«አመጣኸው?» አለች ሚሪያም።

«አምጥቻለሁ።»

የቀኙን ፖስታ ሰጣት። ውስጡ ያለው የዋሊሰለን ቢሮ የጽዳት ተራ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በመስኮቱ ወደ ግራጫው መኪና ሰረቅ አድርጋ አየች። ከዚያ በኋላ የሚያጠራጥር ነገር አልቀረም። አብራው የዘመረች መሆኗ አንገበገበው።

ሽማግሌውን ትቶ መሄድ አልሆነለትም።

«ጋሼ፣ ልሸኝዎት። ትራሙ ደርሷል።»

«ሂድ አንተ። እኔ ቡናዬን ልጨርስ» አሉ። «ሚሪያም ታጫውተኛለች።»

እጇን ያዙ። አጥብቀው።

ናታን ወደ መጸዳጃ ቤቱ አቀና፤ በጓሮው በር ወጣ። የድንበሩ ድልድይ ሁለት መቶ እርምጃ ይርቃል። አልሮጠም፤ የሚሮጥ ሰው ይታያል።

ከኋላው የመኪና በር ተዘጋ።

አልዞረም።

ተወካይዋ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችና ስልኳን አወጣች። ቅዳሜ ጠዋት ሶልሃቨን ላይ አንድም ሰው ምሰሶ አልወጣም። በወሩ አዲስ ብሎን የጫነ መርከብ ወደቡ ገባ፤ ሥራው ቀጠለ።

ጋሽ ቸርነት ከዚያ ካፌ ወዲህ አልታዩም። ኮታቸው ሐይቁ ዳር ተገኘ። ቢሮው ስማቸውን ሰርዞ ዝም አለ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ዙሪክ ባቡር ጣቢያ፣ አንዲት ሐበሻ ቡና ሻጭ ፊት አንድ ሰው ቆመ። ወተት ትጨምርለት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ጥቁር ይሁን።»

«ጿሚ ነህ?»

«ዓርብ አይደል።»

በእናቱ ቤት ዓርብን የሚጾም አልነበረም። እሱ ግን ከጄኔቩ ካፌ ወዲህ አንድም ዓርብ አልገደፈም። ስሙን ስትጠይቀው ብርጭቆውን ይዞ ሰው መሃል ገብቶ ነበር።