አይስክሬም ቤት የገቡ መጻሕፍት

ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ባጥለቀለቀ በማግስቱ፣ አንዲት ወጣት እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ አይስክሬም ፋብሪካው በር ላይ ቆመች። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ጠጋኝ ናት።

በሩን የከፈተላት የባለቤትየዋ ልጅ ነበር። ሠራተኞቹ «በረዶ» ይሉታል። ከማቀዝቀዣ ክፍሎቹ ስለማይወጣ ብቻ አይደለም፤ ከሴት ጋር ማውራት ሲጀምር ድርቅ ስለሚልም ጭምር ነው።

«ማቀዝቀዣ ክፍል ፈልጌ ነው» አለችው።

«ለምን?»

«ለመጻሕፍት።»

ቀልድ መስሎት ፊቷን አየ። ቀልድ አልነበረም።

«ምድር ቤት የነበሩት የጥንት የእጅ ጽሑፎች በሙሉ ውሃ ጠጥተዋል» አለች ጠጋኟ። «የብዙዎቹ ሌላ ግልባጭ የለም። እንዲሁ ከተዋቸው በቀናት ውስጥ ይሻግታሉ። ከቀዘቀዙ ግን ጉዳቱ ባለበት ይቆማል፤ እኔም ጥቂት ጥቂቱን እያወጣሁ አደርቃቸዋለሁ። እባክዎን።»

ድምጿ የጸና ነበር። በረዶ እናቱን ሊጠይቅ ዞሮ ወደ ውስጥ ሮጠ።

«የጭቃ ወረቀት ከወተቴ ጎን?!» የሚል የእናቱ ድምፅ እስከ በሩ ተሰማ። ጥቂት ቆይተው ራሳቸው ወጡ፤ ወፈር ያሉ፣ ነጭ ሽርጥ የታጠቁ ሴት ናቸው። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ካዩዋት በኋላ ተነፈሱ።

«መቼም በጎርፍ መሃል አይስክሬም የሚልስ የለም። ትልቁን ክፍል ውሰጂ። ሙቀቱ ሲገባ ግን ክፍሌን እፈልጋለሁ፤ ተግባባን?»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ!»

ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ መጻሕፍቱን እጅ በእጅ ተቀባበለ። ጠጋኟ እያንዳንዱን እንደ አራስ ልጅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስተኛለች። እህል ያስታወሰች አትመስልም። በረዶ ዳቦ ይዞ አጠገቧ ቢቆም፣ ቢቆም፣ «ይብሉ» ማለት አቃተውና ሣጥን ላይ አስቀምጦላት ሸሸ። ዞር ብሎ ሰርቆ ሲያያት ግን እየበላች ወደ እሱ ታይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሣጥኖቹን ከፋብሪካው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ የሚያደርሰው እሱ ሆነ። ማድረስ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አድርሶ አይሄድም። ረጅሙ ጠረጴዛ ጥግ ቁጭ ብሎ፣ ጠጋኟ የተጣበቁ ገጾችን በቀጭን የአጥንት ቢላ ስታላቅቅ ያያል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በሰው ላይ አይቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሁሉም የከፋውን መጽሐፍ ይዛ ጎንበስ እንዳለች፣ ሊያስነጥሰው ሲል አየችው።

«ትንፋሽህን ያዝ!» አለችው።

ያዘ። እሷም ያዘች። ገጹ በቀስታ ተላቀቀ፤ ከሥሩ በእጅ የተሣለ የመድኃኒት ቅጠል ብቅ አለ፤ አረንጓዴው ቀለም ዛሬ የተቀባ ይመስል ነበር። ሁለቱም እኩል ተነፈሱና ሳቁ።

«ይቅርታ፣ ‹አንተ› አልኩዎት» አለች ፊቷ ቀልቶ።

«ተይው» አለ በረዶ። «እንደሱ ይሻላል።» በሕይወቱ ለሴት ልጅ ከተናገረው ሁሉ ደፋሩ ይህ ነበር።

ሙቀቱ ሲገባ ግን ከመጻሕፍቱ ገና ግማሹ እንኳ አልደረቁም። እናቱ ክፍላቸውን ጠየቁ፤ ልጅየው «አይሆንም» አለ፤ ተኮራረፉ። ወሬው ጠጋኟ ጆሮ ደረሰ። እናትና ልጅ ያጣላሁ እኔ ነኝ ብላ እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ በሌላ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ የቀሩትን መጻሕፍት ሊቀበል ፈቀደ። እሷም አብራ ልትሄድ ነው።

ስትነግረው «አትሂጂ» እንዲላት በዓይኗ ለመነችው።

በረዶ ድርቅ አለ። «ጥሩ ነው» አለ።

ሊገላገለኝ ፈልጓል ብላ አንገቷን ደፋች። እሱም መሄድ ፈልጋለች ብሎ ወጣ።

መኪናው ሊጭን በመጣበት ቀን፣ እናትየው ሳይታሰብ ፎቁን ወጡ።

«ልጄን ከእኔ ያጣላውን ነገር ልይ ብዬ ነው» አሉ ወንበር እየሳቡ። «ሥሪ፣ ሥሪ።»

ጠጋኟ ጨንቋት ሥራዋን ቀጠለች። ብዙም ሳይቆይ ሴትየዋ መኖራቸውን ረሳች። እትዬ የምታላቅቀውን ገጽ፣ ከጭቃው ውስጥ አንድ በአንድ የሚወጡትን ፊደላት፣ ላብ ችፍ ያለበትን ግንባሯን እያዩ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎን ማስቸገር ይበቃኛል ብዬ ነዋ። እሱም ‹ጥሩ ነው› ብሎኛል።»

«ጥሩ ነው አለሽ? ያ ጅል! እህል መቅመስ ካቆመ ሰነበተ እኮ!» ብድግ ብለው ወደ ደረጃው ጮኹ። «አንተ! ና ወዲህ!»

በረዶ የቀዘቀዘ ሣጥን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆመ።

«ለዚች ልጅ ያልነገርካት ነገር አለ?»

«አለ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

ወደ ጠጋኟ ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አትሂጂ» አለ። «እወድሻለሁ። ያኔም ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።»

ጠጋኟ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ክፍሉስ?» አለች ወደ እናትየው።

«ዘንድሮ ቫኒላ ብቻ እሠራለሁ፤ ቸኮሌት ያማረው ይታገሥ!»

«እና?» አላት በረዶ፤ ክንዶቹ ከክብደቱ የተነሣ ይንቀጠቀጣሉ።

«አልሄድም» አለች እየሳቀችና እያለቀሰች። «አሁን ሣጥኑን አስቀምጠው፤ ሊቀልጥ ነው!»

መጻሕፍቱ ደርቀው የማንበቢያው አዳራሽ ዳግም ሲከፈት፣ ሁለቱ ከተጋቡ ሰንብተው ነበር። ሕዝቡ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተዘረጉትን ገጾች በዝግታ እየተዟዟረ ያያል። እትዬ ከፊት ተቀምጠው፣ ማይክሮፎን ይዛ የቆመችውን ሴት አጠገባቸው ለተቀመጠ እንግዳ ሰው በክርናቸው ጎሸም አድርገው አሳዩ።

«ይህን ሁሉ ያዳነችው እሷ ናት» አሉ። ከዚያም አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «የእኔ ምራት!»