አምስት መቶ ሠላሳ ሰባት

ደብተሩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቅርጫቱ ውስጥ ከቆሮሶው ዓሣ ሥር ተቀምጧል።

ታቢታ ቅርጫቱን ከመምህር ደምሴ ስትቀበል ቀና አላለችም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የጠዋቱ ጀልባዎች ገብተዋል። ነጋዴዎቹ ይጯጯሃሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ በሰው መሃል ይንጎራደዳሉ።

«ለመተየብ የቀሩት የመጨረሻዎቹ አራት ገጾች ናቸው» አለ መምህር ደምሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። የዛሬው ነው።»

«የዛሬው?»

«ንጋት ላይ በሬድዮ ሰማሁ። አሜሪካ ሥልጣን ላይ ያለው ሰውዬ በምርጫ ተሸነፈ። በራሱ አፍ ተሸነፍኩ አለ።»

«ከዚያስ ምን ያደርጉታል?»

«ምን ያደርጉታል? ጥር ላይ ዕቃውን ይዞ ቤቱ ይገባል።»

«አይገድሉትም?»

ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ደምሴ አያት። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቹን በ1970 ከቤት ወስደዋቸው አልተመለሱም።

«አይ ልጄ» አለ። «አይገድሉትም።»

ጥቅምት 26 ቀን 1973 ዓ.ም. ነበር።

ታቢታ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ከሦስት ወር በፊት በሐሰት መታወቂያ አዋሳ ገብታ፣ ደምሴ ታሪክ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ታይፒስት ሆና ተቀጠረች። በላካት የደህንነት መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ እሷ «መርፌ» ናት። እሱ «ቆጣሪው» ነው። የእንግሊዝኛ ሬድዮ እየሰማ በደብተር ላይ ቁጥር ይጽፋል ብሎ ጎረቤት ጠቁሞታል። መሥሪያ ቤቱ ቁጥሩ የምስጢር ኮድ ነው ብሎ አመነ። እሷ ደግሞ በትርፍ ሰዓቴ ልተይብልዎት ብላ ቀረበችው።

እሱም አመናት።

በዚያው ቀን ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለች ሻይ ቤት ሄደች። ነጠላዋን በግራ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፤ የተከተለኝ የለም ማለት ነው። አለቃዋ ግዛቸው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። የምስጢር ስሙ «ሐኪሙ» ነው።

«አነበብሽው?»

«ሁሉንም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ምርጫ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ማን ከወኪል መራጮቹ ስንት ድምፅ እንዳገኘ። ከመጻሕፍት ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩት። ሌላ ነገር የለውም።»

ግዛቸው ደብተሩን ገለጠ። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«በእነሱ አቆጣጠር 1976። አንዱ 297፣ ሌላው 240። ሲደመር?»

«537።»

«ጠቅላላው 538 ነው ይላል። አንዷ የት ገባች?»

«አንድ ወኪል መራጭ ለማይወዳደር ሰው ሰጥቶ ነው። ግርጌው ላይ ጽፎታል።»

«ለማይወዳደር ሰው?» ሳቀ። «አንቺም ይኼን አመንሽ?»

«እውነት ስለሆነ ነው።»

ግዛቸው ሻዩን ጨለጠ። «አዲስ አበባ የሚጠብቀው ኮድ ነው። እውነት የጠየቀ የለም። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይያዛል።»

ደብተሩን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ወጣ።

ሌሊቱን አልተኛችም። በተከራየችበት ግቢ ደበሌ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ይኖራል። ሰው ወደ ሞያሌ እንደሚያሻግር አንድ ቀን ሹክ ብሏት ነበር። ገና ሳይነጋ በሩን አንኳኳች።

«አንድ ሰው አለኝ።»

«አራት ሰዓት፣ ጉዱማሌ ሜዳ አጠገብ» አለ ደበሌ። ሌላ ነገር አልጠየቃትም።

ሁለት ሰዓት ላይ ደምሴን ባዶ ክፍል ውስጥ አገኘችው። ሰሌዳ እየጠረገ ነበር።

«ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬ ሊይዙዎት ነው። ይውጡ።»

«ምን አጠፋሁና ነው የምሸሸው?»

«ደብተሩ እነሱ ጋ ነው።»

«ማን ሰጣቸው?»



«እኔ» አለች።

ጠመኔ የነካው እጁ ሰሌዳው ላይ ቀረ።

«ከልጆቼ አንዱ ቢመለስ፣ ቤት ማን ይጠብቀዋል?»

«እርስዎም ከሞቱ የሚጠብቀው የለም። እባክዎ።»

ኮቱን አነሳ።

አራት ሰዓት። ጉዱማሌ ሜዳ ዳር መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ደምሴ በጆንያዎቹ መሃል ተጠግቶ ተቀመጠ። ታቢታ ሸራውን ጎትታ አለበሰችው። እጇን ያዝ አደረገና ለቀቃት።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሃምሳ ሜትር። መቶ ሜትር።

ቆመ።

ደበሌ ወረደ። ሲጋራ ለኮሰ። ሸራውን ገለጠና ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

ከዛፎቹ ሥር አራት የታጠቁ ሰዎች ወጡ። ከኋላቸው ግዛቸው።

«ቤቱ ብይዘው ያው መምህር ነው» አላት ሲደርስ። «ወደ ድንበር ሲሸሽ ስይዘው ሰላይ ነው።»

«እንደምነግረው ያውቁ ነበር?»

«ሰዓቱን ለምን የነገርኩሽ ይመስልሻል?»

ደምሴን ወደ ላንድሮቨሩ ወሰዱት። በአጠገቧ ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አልተሳደበም። ሁለተኛ ጊዜ እንደሸጠችው ነው የገባው፤ ፊቱ ላይ አነበበችው። አይደለም ልትለው አፏን ከፈተች።

የላንድሮቨሩ በር ተዘጋ።

ግዛቸው ወረቀት ዘረጋላት። መርፌ ተጠርጣሪውን በዘዴ ከተደበቀበት አውጥታ አስያዘች ይላል።

«ካልፈረምኩስ?»

«መኪናው ውስጥ ቦታ አለ።»

ፈረመች።

አርብ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ የዲላ አውቶብስ ተሳፈረች። ቦርሳዋ ውስጥ አዲስ መታወቂያ አለ፤ ወርቅነሽ ይላል። ዲላ ደግሞ አንዲት ነርስ ደብዳቤ መጻፍ ታበዛለች ተብሏል።

አጠገቧ የተቀመጡት እናት ቆሎ ዘገኑላት።

«የአዋሳ ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

«አይ፣ እማማ።»

«ዘመድ ጥየቃ መጥተሽ ነው ታዲያ?»

«ማንንም አላውቅም» አለች።

ቆሎውን ተቀበለች። ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አውቶብሱ ተነሳ።