ፍራሽ ቤት የተቀዳው ዘፈን

«ጻፊ እንጂ፤ ምን ያፈዝሻል?» አለ አባቷ።

ቅመም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የፍራሽ ክምር ላይ ተቀምጣለች። ቅመም ብሎ ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ትንሽ ሆና ስለምታቃጥል። ዛሬ ግን ማቃጠሉ ቀርቶ አፏ ደርቋል። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው ቅጽ የአመልካቹን ሙሉ ስም ከነአድራሻው ይጠይቃል። ከታች ደግሞ ምልክት የሚደረግባት አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። አጠገቧ «ከላይ የጻፍኩት እውነት መሆኑን፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ፣ በመሐላ አረጋግጣለሁ» ይላል።

«አባዬ፣ ማሉ ነው እኮ የሚለው።»

«ታዲያ መማል ነዋ። ‹ይህን ዘፈን ገጥሞ ያዜመው ልጄ ነው› ብለሽ ጻፊና ላኪው። በቁሙ ሳለ ትንፍሽ ያላለች ሴትዮ አሁን መጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።»

«ነገ ልላከው? ፈተና አለብኝ» አለች ቅመም። ፈተና የለባትም። አባቷ ግን ስለ ትምህርት ሲነሳ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ እሱ ብዙም ስላልተማረ። «በይ ነገ። ከነገ ግን አታሳልፊ» ብሎ ወደ ደንበኞቹ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅመም ታላቅ ወንድም ስፖንጅ ይባል ነበር። የፍራሽ ነጋዴ ልጅ ሌላ ምን ይባላል? ቀን ቀን ስፖንጅ በረዥም ቢላ ይቆርጣል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ መጋዘኑ ውስጥ በፍራሾቹ መሃል ይገባና በስልኩ ይዘፍናል። ፍራሽ የመንገዱን ጩኸት ስለሚውጠው ድምፁ ጥርት ብሎ ይቀዳል። ቻናሉን «ስፖንጅ ስቱዲዮ» አለው። መጀመሪያ ላይ የሚያየው ዘመድና የሰፈር ልጅ ብቻ ነበር፤ እነሱም ለመሳቅ።

ከዚያ ያንን ዘፈን ለቀቀ፦

«ክሩ ቢበጠስም ይቀጠላል ዳግም፣
አንቺ የሄድሽበት መቀጠያ የለውም።»

ዘፈኑን በለቀቀ በሳምንቱ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ሆስፒታል አልደረሰም። ከለቅሶው በኋላ አንድ ሰው ቪዲዮውን «ሞቱን አስቀድሞ የዘፈነ ልጅ» ብሎ አጋራው፤ በቃ፣ አገር ምድሩ ተቀባበለው። የማያውቁት ሰዎች ነፍስ ይማር እያሉ ይጽፋሉ። ልጃቸው የሞተባቸው እናቶች ይጽፋሉ። የቅመም እናትም ከዚያ ወዲህ ትንሽ እህል ቀመሰች፤ «ይኸው ሰው በየቀኑ ይጠራዋል፤ ስሙ የሚጠራ ልጅ ሙሉ በሙሉ አልሞተም» ትላለች።

አሁን ግን ቻናሉ ሊዘጋ ነው። ያው ዘፈን በሦስት ቪዲዮ ነበር የተለቀቀው፤ በሦስቱም ላይ ተራ በተራ የቅጂ መብት አቤቱታ ቀረበ። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ትናንት ደረሰ። ቤተሰቡ መልስ ካልሰጠ ወይም ከሳሿ አቤቱታዋን ካላነሳች፣ እሑድ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ቪዲዮዎቹን ቅመም አውርዳ አስቀምጣቸዋለች። ከሥራቸው ነፍስ ይማር የሚሉትን ሰዎች ግን ማውረድ አይቻልም።

ከሳሿን ያውቋታል። ዚግዛግ ናት፤ እዚሁ ፍራሽ ቤት የፍራሽ ልባስ ትሰፋ የነበረችው። አነጋገሯም እንደ ስፌቷ ወዲህ ወዲያ ስለሚል ስፖንጅ ነው ያን ስም ያወጣላት።

ቅመምን የከነከናት ሌላ ነገር ነው። ያ ዘፈን ሲቀዳ መብራት ይዛ የቆመችው እሷ ነበረች። ከዚያም በፊት ዚግዛግ ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብላ ስትዘፍነው በጆሮዋ ሰምታለች። ስፖንጅ ቪዲዮውን ሲለቅ «ግጥምና ዜማ፦ ስፖንጅ» ብሎ ሲጽፍ አይታ «ዚጊስ?» ብላው ነበር። «አቦ አንቺ ደግሞ፣ ሥራ ላይ ሆና እኮ ነው የዘፈነችው» አላት።

ይህ መልስ ያኔ ትክክል መስሏት ነበር፤ እዚያ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። የአባቷ ሕግ አንድ ነው፦ ከዚያ ጠረጴዛ የሚወርድ ሁሉ የቤቱ ነው። ልባሱ የቤቱ ነው። የተረፈው ክር የቤቱ ነው። እፍኝ የማይሞላ የስፖንጅ ቁርጥራጭ እንኳን ትራስ ውስጥ ይጠቀጠቃል እንጂ ሠራተኛ ይዞት አይወጣም። ታዲያ ዘፈን ከቁርጥራጭ በምን ይለያል?

*

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ቤት አልሄደችም። ዚግዛግ አሁን የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ተቀጥራለች። ቦታው ምድር ቤት ነው፤ ስፌት መኪናዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው ስለሚንጫጩ መጮህ ያስፈልጋል። ዚግዛግ ጥጉ ጋ ኮሌታ ትሰፋለች። ቀና ብላ ስታያት እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ።

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

«መምጣቴንም አያውቅ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ዱካ የለም፤ እዚያ ጨርቁ ላይ።»

ቅመም ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ተቀመጠች። የምትለውን መንገድ ላይ ስታጠና ነበር የመጣችው፤ አንዱም አልመጣላት አለ። «ለምን ግን እንዲህ አደረግሽን ዚጊ?» አለች በመጨረሻ። «እማዬ ሌላ ምንም የላትም።»

ዚግዛግ አልተቆጣችም። ስልኳን አወጣችና ከፍታ ሰጠቻት። የራሷ ገጽ ነው፤ ተከታዮቿን ለመቁጠር ጣት ይበቃል። አንድ ቪዲዮ ብቻ አለበት፤ እሱም ጠቁሯል። ላዩ ላይ «የስፖንጅ ስቱዲዮን መብት ስለሚጥስ ታግዷል» የሚል ጽሑፍ አለ።

«የራሴን ዘፈን በራሴ ድምፅ ባወጣው ኮምፒውተሩ ሌባ ናት ብሎ ዘጋው። እሱስ ማሽን ነው። ከሥሩ ያለውን አንብቢ።»

አነበበች። «የሙት ሌባ።» «ልጁ ሞቱን ዘፍኖ ሞተ፣ አንቺ ትነግጂበታለሽ?» «እናትሽ ትሙት።»

«እናቴማ ሞታለች» አለች ዚግዛግ። «ዘፈኑም ለሷ ነው። ‹እማ የሄድሽበት› ነው የሚለው፤ ወንድምሽ ነው ‹አንቺ› ያደረገው። ቀብሬያት ስመለስ አባትሽ ሥራ ተከምሯል ብሎ አስቀመጠኝ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም። እየሰፋሁ ያንን እላለሁ፤ እናንተ ዘፈን ብላችሁ ሰማችሁት።»

ቅመም አንገቷን ደፋች። እንባዋ መጣ፤ ለማን እንደሆነ ግን መለየት አቃታት።

«ሲለቀውስ ዝም አልሽው?»

«ጠየቅኩት እንጂ። ሳቀ። ‹አንቺ ካሜራ ትፈሪያለሽ ዚጊ፣ እኔ ላስተዋውቅልሽ› አለኝ። ስሜን አስገባው አልኩት፤ እሺ አለ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ቸልተኛ ነበር። ከዚያ ሞተ። እኔም ሙት ወቃሽ ላለመባል ዓመት ሙሉ ሆዴ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። ሌባ ሲሉኝ ግን አቃተኝ። እህቶቼ አነበቡት፣ ገባሽ? ለእናታቸው በተሰረቀ ዘፈን ያለቀስኩ መሰላቸው።»

«ቻናሉ እኮ እንዳለ ነው የሚጠፋው።»

«አባትሽን ደውዬ ለመንኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።» ዚግዛግ አንዱን ኮሌታ አንስታ የተዛባውን ስፌት በምላጭ መተርተር ጀመረች። «ድምፁ የሱ ነው፤ ድምፁን አልወስድበትም። ግጥሙና ዜማው የኔ መሆኑን ጻፉ፣ ሁሉም እንዲያየው አድርጉ፤ የዚያኑ ቀን ሦስቱንም አነሳለሁ።»

«አባዬ መልስ እንድልክ አዞኛል። መሐላ ያለበት።»

«አውቃለሁ። ከላካችሁ ትረቱኛላችሁ። የቪዲዮ ድርጅቱ ፍርድ ቤት ክሰሺ ነው የሚለኝ፤ እኔ በምን አቅሜ ነው ፍርድ ቤት የምሄደው? ዘፈኑ ለዘላለም የናንተ ይሆናል፣ እኔም ሌባ እንደሆንኩ እቀራለሁ።» ተቆጣጣሪው ከወዲያ ሲያጉረመርም ዚግዛግ ጨርቁን መኪናው ሥር አስገባች። «ሂጂ በይ፤ ይመሻል። እናትሽን ሳሚልኝ።»

*

አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እናቷ ውስጥ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ትራስ ትሞላለች፤ ቁርጥራጩን ሳታየው በእጇ ትጠቀጥቃለች።

«ላክሽው?»

«አልላክሁትም። አልልከውምም አባዬ።»

ዚግዛግ ጋ መሄዷን፣ ዚግዛግ ያለችውን ሁሉ፣ እየተደነቃቀፈች ተናገረች። የእናትየዋ እጅ ትራሱ ውስጥ እንዳለ ቆመ። አባቷ ግን እስክትጨርስም አልጠበቀ።

«በኔ መኪና፣ በኔ ክር፣ ደሞዟን እየከፈልኩ! ልባሱን ስትሰፋ ልባሱ የማን ነበር? የቤቱ። ዘፈኑ በምን ተለየ?»

«ለልባሱ ነው የከፈልካት። ለእናቷ ለቅሶ አልከፈልካትም።»

«አፍሽን ያዢ። ሰው እንደ ነቢይ የሚያየውን ልጄን ሌባ ነው ብለሽ ልትጽፊበት ነው? አንዴ ቀብሬዋለሁ። አንቺ ደግመሽ ልትቀብሪው ነው?»

ይህ ቃል ወጋት። ወንድሟን ትወደው ነበር፤ አሁንም ትወደዋለች፤ ከሞተ ጀምሮ ‹የስፖንጅ እህት› ብሎ የሚጠራት ሰው መንገድ ላይ ባጋጠማት ቁጥር ኩራት ይሰማት ነበር። አባቷ ስልኩን ከእጇ ነጠቀ። «ስጪኝ። እኔው እጽፈዋለሁ።» ብርሃን ወዳለበት ወስዶ ከዓይኑ እያራቀ እያቀረበ፣ በወፍራም አውራ ጣቱ አንድ አንድ ፊደል መጫን ጀመረ። አንዱን ይሳሳታል፣ ያጠፋል፣ ይደግማል። ስሙን ጻፈ። አድራሻውን ጻፈ። ሳጥኗ ጋ ደረሰና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መሐላውን አነበበው።

«ስትዘፍን ነበርኩ አባዬ» አለች ቅመም ከኋላው፣ ቀስ ብላ። «እሱም ነበር። አንተም ነበርክ። እዚህ በር ላይ ቆመህ ‹ልቅሶሽን ትተሽ ሥራሽን ሥሪ› አልካት። ልቅሶ መሆኑን አንተም አውቀህ ነበር።»

አባቷ አልዞረም። ትከሻው ብቻ ሲወርድ አየችው። ከዚያ ስልኩን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ኮቱን ከሚስማሩ አነሳና ቅመምን ሳያይ አልፏት ወጣ። የት እንደሚሄድ አልተናገረም። የጠየቀውም የለም።

ቅጹ እንደተከፈተ ነው፤ ሳጥኗ ባዶ ናት። ቅመም ዘጋችው። «የጻፉት ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነዎት?» ሲላት አዎ የሚለውን ነካች። ከዚያ የቻናሉን ዋና ገጽ ከፈተች።

«ስሟን ልትጽፊ ነው?» አለች እናቷ ከወለሉ።

«አዎ እማዬ።»

«ያን ጊዜ ሰው ልጄን ምን ይለዋል?»

መዋሸት ቀላል ነበር። ምንም አይሉትም፣ ይረሱታል፣ ማን ያነባል ማለት ይቻላል። «ይሰድቡታል» አለች።

«ብዙ ሰው?»

«ብዙ ሰው እማዬ። ከወደዱት የሚበልጡ።»

እናቷ እጇን ከትራሱ አወጣች። ጻፊም አትጻፊም አላለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በሻርፗ አፏን ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች። ቅመም ሄዳ ልታቅፋት ፈለገች፤ ካቀፈቻት ግን ተመልሳ እንደማትጽፈው አውቃለች። ስለዚህ ባለችበት ቆማ ጻፈች፦

«ይህን ዘፈን ገጥማ ያዜመችው ፍራሽ ቤታችን ትሠራ የነበረች ልብስ ሰፊ ናት። ለሞተችው እናቷ ነው ያዜመችው። ወንድሜ ዘፈነው እንጂ አልደረሰውም፤ ስሟን ሳይጽፍ ሞተ። እሷ ሌባ አይደለችም።» ከሥሩ የዚግዛግን እውነተኛ ስም ከነአባቷ አሰፈረች።

አንዴ አነበበችው። የሚሰድበው ሰው ነገ ይመጣል፤ ይህን ደግሞ ማን ጻፈው ይላል። ቅመም ትንሽ አሰበችና መጨረሻ ላይ የራሷን ስም ጨመረች፤ የሰፈሩን ሳይሆን የመዝገቡን፣ ከወንድሟ ጋር የሚጋሩትን የአባቷን ስም ጭምር። ከዚያም ለቀቀችው።