አንድ መነጽር፣ አራት ጠመንጃ

ኦሙርዛክ የወደቀው ፈረሱን ውሃ ሲያጠጣ ነው። ፈረሱ መጠጣቱን አላቋረጠም።

ጥይቱ በደረቱ ገብቶ በጀርባው ወጣና ወንዙ ውስጥ ቀረ። ተኩሱ የተሰማው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። የመጣው ከማዶው ገደል ነበር፤ ቢያንስ ስድስት መቶ ሜትር። ከዚያ ሆነው ሲያዩት ሰው ከቁንጫ አይበልጥም፤ ያውም ከከሳች ቁንጫ።

የቆክ-ጃር አዳኞች የዝንብ ክንፍ መርጠው ይመታሉ ይባላል። የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ስድስት መቶ ሜትር ላይ ግን ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ መነጽር ይፈልጋል። በመንደሩ ያለው ደግሞ አንድ የጠመንጃ መነጽር ነው፤ አራት ሰዎች አዋጥተው የገዙት፣ በየሳምንቱ ከአንዱ ጠመንጃ ወደ ሌላው የሚዞር።

ከአራቱ አንዱ ሟቹ ራሱ ነው። የዚያ ሳምንት ተራ ደግሞ የቲሌክ ነበር።

በዚህ ምክንያት ቲሌክ በማግስቱ ረፋድ ላይ እጁ በካቴና ታስሮ፣ እህቱ ደጃፍ የተጣለ ኮርቻ ላይ ተቀምጧል።

«ትናንት የት ዋልክ?» አለ ካፒቴን ዳስታን።

«ባዝራዬ ጠፍታ ስፈልግ።»

«ማን አየህ?»

«ባዝራዋ።»

«ባዝራ ምስክር አትሆንም።»

«ከአንዳንድ ሰው ትሻላለች» አለች ቡሩል ከበሩ።

ቡሩል የቲሌክ ታላቅ እህት ናት፤ መንደሩ ሁሉ ኤጄ፣ እትዬ እንደማለት፣ ይላታል። ስትቆጣ ተራራው ራሱ ፈቀቅ ብሎ መንገድ ይለቅላታል። አንድ ክረምት በረት የገባ ተኩላ በመጥረቢያ ለሁለት ከፍላለች፤ መንደሩ ሦስት ናቸው ይላል፣ እሷም አታስተባብልም። እናትና አባታቸው በተከታታይ ሲሞቱ ቲሌክን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ካፒቴኑንም አፍንጫውን መጥረግ ሳያውቅ ጀምሮ ታውቀዋለች። ያን ቀን ግን የበሩን መቃን ይዛ ነበር የቆመችው።

«በገበያ ቀን ኦሙርዛክን በቡጢ መትተሃል?»

«መትቻለሁ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በመቆንጠጫ።»

ካፒቴኑ ቀና አለ። «በምን?»

«መነጽሩን ጠመንጃው ላይ በሚያስረው። አራተኛው ባለድርሻ፣ ሽማግሌው ባይኬ ኩባት ወንድማቸው ከሞተ በኋላ የድሮውን ማየት አስጠላቸው፤ አውልቀው ወሰዱት። አዲስ መግዛት ነበረብን። ኦሙርዛክ ለርካሽ ጠመንጃ ርካሽ መቆንጠጫ ይበቃዋል አለ። እኔ ደግሞ ጠመንጃው ርካሽ ስለሆነ ነው መቆንጠጫው ደህና መሆን ያለበት አልኩ። ሁለቱ ቀለበት ከአንድ ጉማጅ ብረት የወጣ፣ አውልቀህ ስትመልሰው የፀጉር ስንጣቂ የማይዛነፍ። የድሮውም ብረት አልነበር እንዴ? አልኩት። ሳቀብኝ። ያኔ መታሁት።»

«በመቆንጠጫ ሰው ይመታል?»

«አንተስ በመቆንጠጫ ሰበብ ገደልክ ልትለኝ አይደል የመጣኸው?»

ካፒቴኑ ፊቱን ወደ ቡሩል አዞረ። «ኤጄ፣ እኔ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። ሌላው ባለድርሻ ጆማርት ሟቹ ውሻዬን መርዞብኛል ብሎ እገለዋለሁ እያለ ሲምል ነው የከረመው። እሱንም ጠይቄያለሁ። ግን ያለ መነጽር ጆማርት ጎተራም አይመታ። መነጽሩን ያገኘሁት ቲሌክ ጠመንጃ ላይ፣ ኮርቻ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ ነው። እዚያው በራሴ እጅ ጂፔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ማንም አልነካውም። በረዶው መተላለፊያውን ሳይዘጋ መውረድ አለብን።»

«ከወረደ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ የአውራጃው ጉዳይ ነው።»

«አውራጃው የወሰደውን ሰው ሲመልስ አይተህ ታውቃለህ?»

ካፒቴኑ ጓንቱን መልበስ ጀመረ። አይቶ አያውቅም።

ቡሩል ገብታ ዳቦ ይዛ ወጣች። ሩቅ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ዳቦ አንዴ ይነክሳል፤ የተረፈው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መመለሱን ይጠብቃል። ወደ ወንድሟ አፍ አስጠጋችው።

«አልነክስም» አለ ቲሌክ። «ከነከስኩ ሄድኩ ማለት ነው።»

«ንከስ አንተ።»

«አልነክስም ኤጄ።»

ድምፁ የሕፃን ሆነባት። በዚያች ቅጽበት ቡሩል ካፒቴኑን በመጥረቢያው ለሁለት ልትከፍለው ነበር፤ መንደሩ ለሦስት ነው የሚለው።

በአጥሩ በኩል ኩባት በእቅፉ ማገዶ ይዞ ገባ። ቤቷ ወንድ ሊያጣ ነው ብሎ ያመጣላት ነው። ነጭ የሱፍ ቆቡን እንዳጠለቀ፣ ማንንም ሳያይ፣ እንጨቱን በቀስታ ደረደረ። ቲሌክን ተኩስ ያስተማረው፣ የቡሩልን አባት የቀበረው፣ እሷንም ልጄ እያለ ያኖራት ሽማግሌ ነው። ባለፈው መኸር ለተራራ ፍየል የተኮሰው ጥይት ታናሽ ወንድሙን ኤሰንን ገደለ፤ ኤሰን በማዶ ፍየሎቹን እየነዳለት ነበር። የኩባት ዓይን አረጀ አለ መንደሩ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ከአሥር ቃል በላይ ሲናገር የሰማ የለም።

ቡሩል ወደ ጂፑ ሄደች። በመስኮቱ የወንድሟን ጠመንጃ አየች። ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው ነበር። ከዚያ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«ዳስታን፣ ና እስቲ።»

«ምን አሉ?»

«ያን ቀይ መስመር ታየዋለህ? በእኔ የጥፍር ቀለም የተሰመረ ነው። ቲሌክ ተራው ሲደርስ ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ ከብሎኑ ወደ መቆንጠጫው አሰምርበታለሁ፤ ብሎኑ ቢላላ እንዲታወቅ። እሑድ አንድ መስመር ነበር። አሁን ግማሹ ወደዚያ፣ ግማሹ ወደዚህ ነው።»

ካፒቴኑ አጎንብሶ አየ። መስመሩ ተሰብሯል። ብሎኑ ተፈትቶ ዳግመኛ ታስሯል።

«ቲሌክ ራሱ ፈትቶት ይሆናል።»

«በገዛ ጠመንጃው ሊገድል መነጽሩን ለምን ያወልቃል?»

ቡሩል ቀጠለች፤ ሐሳቡ እያወራች ነው የመጣላት። የአራቱ ሰዎች ልማድ ነው፦ የሰጠ አይነካም፣ የተቀበለ ያስተካክላል። የአንዱ ጠመንጃ የመነጽሩን ማዞሪያ፣ ኢላማ ማስተካከያውን፣ ወደ ላይ ይፈልጋል፣ የሌላው ወደ ጎን። እያንዳንዱ የራሱን ከሚስቱ ዕድሜ የበለጠ በቃሉ ያውቃል። ተራውን የጨረሰ ሰው ማዞሪያውን እንዳለ ትቶ ያስረክባል፤ መልሶ የሚያዞር የለም።

«መነጽሩ አሁንም የገዳዩን ጠመንጃ ነው የሚያውቀው» አለች። «ማዞሪያውን ሳትነካ በየጠመንጃው ላይ እሰረውና ተኩስ። ኢላማው ላይ ያረፈው ጠመንጃ የገዳዩ ነው።»

«ኤጄ፣ መነጽር ከጠመንጃ ጠመንጃ ሲዛወር ይሳሳታል። ይህን ሕፃንም ያውቃል።»

«በድሮው መቆንጠጫ። ይህን ቲሌክ ነው የመረጠው፤ ለዚህ ብሎ ሰው የመታበትን።»

ካፒቴኑ ሰማዩን አየ። ደመናው መተላለፊያው ላይ እየተቀመጠ ነው። «ሁለት ጠመንጃ ብቻ» አለ። «ከዚያ እሄዳለሁ።»

የቡሩል ትልቅ ነጭ ሳህን ማዶ፣ ስድስት መቶ ሜትር ላይ ተተከለ። ካፒቴኑ ኮርቻ ላይ አስደግፎ ተጋደመ። ለአገሩ ጦር ሲተኩስ ጄኔራሎች ያጨበጭቡለት እንደነበር እሱው ይናገራል፤ እውነት ለመናገር ግን እጁ የረጋ ነው።

መጀመሪያ የቲሌክ ጠመንጃ። ጓ አለ። አቧራው ከሳህኑ ሁለት ሰው ቁመት በታች ተነሳ። ደገመ። እዚያው።

«በዚህ ሰው አይገደልም» አለ ካፒቴኑ ቀስ ብሎ። «አይጥ ካልሆነ።»

መቆንጠጫውን ፈትቶ ከነመነጽሩ በጆማርት ጠመንጃ አናት ላይ አሰረ። ጆማርት ፊቱ ኖራ መስሏል። «ውሻዬን ገድሎብኛል፤ ምያለሁ፤ ግን ሰክሬ ነው የዋልኩት፤ ወላሂ ሰክሬ ነው» ይላል ማንም ሳይጠይቀው። ጥይቱ ከሳህኑ በስተግራ ወደቀ፤ በመሃሉ ጭነት የጫነ ግመል ያልፋል።

ጆማርት ባለበት ቁጭ አለ። «በስካሬ እግዜር ይመስገን» አለ።

«ሁለት ጨረስን» አለ ካፒቴኑ ተነስቶ። «የሟቹ ጠመንጃ ሟቹን አይገድል። ሌላ ማን አለ?»

ማን እንደቀረ ሁሉም ያውቃል። ማንም ወደዚያ አላየም። ቡሩል ዳቦውን በብብቷ አጥብቃ ያዘችው። ዝም ካለች ወንድሟ ይሄዳል። ከተናገረች ይህ አባቷን የቀበረ ሰው ይሄዳል።

«ጂፑን አስነሳ» አለ ካፒቴኑ ለሾፌሩ።

«ዳስታን» አለ ኩባት።

ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በሁለት እጁ ዘረጋለት። «የኔ ቀርቷል ልጄ።»

ካፒቴኑ አሰረ። ተጋደመ። ለረጅም ጊዜ አነጣጠረ፤ መሳት የፈለገ ይመስል።

ሳህኑ ዘለለ።

የሳህኑ ጩኸት ዘግይቶ ወንዙን ተሻግሮ ደረሳቸው።

«በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል» አለ ካፒቴኑ። ላቡ በቅንድቡ ላይ ነበር።

«አውልቀህ መልሰውና ድገም» አለ ኩባት። «የቲሌክ መቆንጠጫ አይዛነፍም።»

ደገመ። ሳህኑ ተሰንጥቆ ተንከባለለ።

ቡሩል መጀመሪያ ያለችው «ለምን?» አልነበረም። «ልጄን ሊወስዱት ነበርኮ» ነው ያለችው። «አጠገብዎ ቆመው ማገዶ ደረደሩልኝ።»

ኩባት ቆቡን አወለቀ። «ጠዋት ካቴናውን ሲያጠልቁለት ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። አልወጣም። ሽማግሌ ይፈራል ልጄ፤ ከጎረምሳ ይብሳል። አሁን ግን ጠመንጃው ይናገርልኝ አልኩ።»

ከኪሱ የድሮውን መቆንጠጫና አንድ ማግኔት አውጥቶ ኮርቻው ላይ አስቀመጠ። ማግኔቱ የኮርቻውን ቀለበት ጧ ብሎ ያዘ። ወደ መቆንጠጫው ሲያስጠጋው ግን እንደ እንጨት ዝም አለ።

«ብረት ግዛ ብለን ነበር ኦሙርዛክን የላክነው። ብረት ነው ብሎ አመጣ። ቀለም የተቀባ፣ ቀልጦ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው፤ የብሎኑ ጥርስ በውስጡ አልቋል። የዚያን ቀን ስተኩስ መነጽሩ ወደ ፊት ሸርተት ሲል ተሰማኝ። እጄ ነው አልኩ። ዓይኔ ነው አላችሁ፤ እኔም አመንኩ። ዓመት ሙሉ ወንድሜን የገደለውን ዓይን ተሸክሜ ዞርኩ። በቀደም የፈረስ ጫማ ምስማር ፈሶብኝ በማግኔት ስለቅም ምስማሩን ሁሉ አነሳ፤ አብሮ የወደቀውን ይህን ግን ተወ።»

«ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?» አለ ካፒቴኑ።

«ለኦሙርዛክ ነገርኩት። ሳቀ። ለእናንተ ጠመንጃ ብረት ምን ያደርግላችኋል፣ ባይኬ፣ አለኝ።»

ቲሌክ በተቀመጠበት አንገቱን ደፋ። ያን ሳቅ ያውቀዋል።

«መነጽሩን ለምን ወንድሜ ጋ መለሱት?» አለች ቡሩል።

«ተራው የእሱ ነበራ። ባዝራዋን ሲፈልግ ኮርቻ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ከወሰድኩበት መለስኩ። ማዞሪያውን... የሰጠ አይነካም። እጄ ሌላ አያውቅም።»

ካቴናው ከቲሌክ እጅ ወጥቶ ወደ ኩባት እጅ ሄደ። ጂፑ ተነሳ። የበረዶው የመጀመሪያ ብናኝ መስታወቱ ላይ ማረፍ ጀመረ።

ቡሩል ዳቦውን አሁንም በብብቷ ይዛ ነበር። ወደ ጂፑ ሄደች። ልትሰድበው ነው አሉ አንዳንዶቹ፤ ልትመታው ነው አሉ ሌሎቹ። እሷ ዳቦውን በመስኮቱ አስገባች።

ኩባት ዳቦውን በታሰሩ እጆቹ ወደ እሷ ገፋው። «የሚመለስ ሰው ነው የሚነክሰው ልጄ።»

«ይንከሱ።»

ነከሰ።

ማታውን ቲሌክ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኩባት ቁራሽ አየና «ይደርቃል እኮ ኤጄ» አለ።

«ይድረቅ» አለች ቡሩል፤ ምስማሩን በድንጋይ እንደገና መታችው።